የፋይል ሰርቨራችሁን ፍጥነት በምን ትለካላችሁ? የአራት መከታተያ ሶፍትዌሮች ንጽጽር

ሰንጋ ተራ ካለ የባንክ ዋና መሥሪያ ቤት እስከ አራት ኪሎ ማተሚያ ቤት፣ ሜክሲኮ ካለ የሕንፃ አማካሪ ድርጅት እስከ ለገሃር የጉምሩክ አስተላላፊ ቢሮ ድረስ፣ አንድ ጥግ ላይ ፋይል የሚቀበልና የሚያድል ሰርቨር አይጠፋም። ቅርንጫፉ የዕለቱን ሂሳብ ይልክበታል፤ ዲዛይነሩ ለኅትመት ያለቀ ፋይል ይጭንበታል፤ ደንበኛው ፕላን ያወርድበታል። ሲንቀራፈፍ ተጠቃሚው «ሲስተም የለም» ይላል። የሰርቨር ኃላፊው ጥፋቱን ወደ ኔትወርክ፣ የኔትወርክ ኃላፊው ወደ ሰርቨር ይገፋል። መከታተያ ሶፍትዌሩ ግን አረንጓዴ ያሳያል።

አረንጓዴው አልዋሸም፤ የተጠየቀው ሌላ ነው። አብዛኞቹ ዝግጁ የኤፍቲፒ (የፋይል ማስተላለፊያ ፕሮቶኮል) መፈተሻዎች የሚለኩት ፖርቱ (የአገልግሎቱ መግቢያ በር) መልስ መስጠቱንና መልሱ የፈጀውን ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። 200 ሜጋባይት ፋይል በስንት ደቂቃ እንደሚያልፍ አይነግሩም። ስለዚህ ሶፍትዌር ስትመርጡ «ኤፍቲፒ ይከታተላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም፤ ሁሉም «አዎ» ይላሉ። የሚለያዩት እናንተ ያዘጋጃችሁትን እውነተኛ የማስተላለፍ ሙከራ በምን ያህል ቅለት ይቀበላሉ፣ ከዲስኩ፣ ከፕሮሰሰሩና ከመስመሩ ልኬት ጎን ያስቀምጡታል ወይ፣ ለምን ያህል ጊዜስ ያቆዩታል በሚለው ነው።

## መመዘኛዎቹ

እውነተኛ ዝውውር። ሶፍትዌሩ ከውጭ ስክሪፕት የመጣ ቁጥር መቀበል አለበት። ሙከራው 20 ወይም 40 ሰከንድ ሊፈጅ ስለሚችል የጊዜ ገደቡ ምን ያህል እንደሆነ ከወዲሁ እወቁ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው።

መንስኤን መለየት። ፋይል ሲዘገይ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከአምስቱ አንዱ ነው፦ መስመሩ ሞልቷል፤ የመልስ ጊዜው ረዝሟል ወይም ፓኬት (ፋይሉ ተከፋፍሎ የሚላክበት ቁራጭ ዳታ) ይጠፋል፤ ዲስኩ አልቻለም፤ አንድ የፕሮሰሰር ኮር ተጨናንቋል፤ ወይም በሰርቨሩ ውቅር ላይ የተቀመጠው የግንኙነት ገደብ ሞልቷል። አምስቱም በአንድ ገጽ፣ በአንድ የሰዓት መስመር ላይ ጎን ለጎን ካልታዩ ክርክሩ አይቆምም።

የናሙና ድግግሞሽ። አንድ መስመር በ5 ደቂቃ ውስጥ ለ30 ሰከንድ ሙሉ በሙሉ ቢሞላ፣ የ5 ደቂቃው አማካይ 10 በመቶ ብቻ ያሳያል። ለፋይል ሰርቨር ቢያንስ በየ60 ሰከንዱ መለካት ያስፈልጋል።

የማቆያ ጊዜ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ባንኮች ሒሳባቸውን የሚዘጉት ሰኔ 30 ነው። የዘንድሮውን የሰኔ መጨረሻ ጫና ካለፈው ዓመት ጋር ሳታነጻጽሩ አዲስ መስመር ወይም አዲስ ዲስክ ይገዛ ማለት ግምት ነው። ስለዚህ ቢያንስ 13 ወር የሚያቆይ ይሁን፤ ሲያቆይም አማካዩን ብቻ ሳይሆን ከፍተኛውንም ቁጥር ይያዝ።

መብራትና መስመር ሲቋረጥ። ቅርንጫፉ ከዋናው መሥሪያ ቤት ለሁለት ሰዓት ቢለያይ የሁለቱ ሰዓት ልኬት ይጠፋል ወይስ ተጠራቅሞ ይመጣል? ማንቂያውስ በምን ይደርሳል? ቴሌግራም ለሁላችንም ቅርብ ነው፤ ነገር ግን የተቋረጠው ራሱ ኢንተርኔቱ ከሆነ የቴሌግራም ማንቂያ አይወጣም።

ዋጋ። የፈቃዱን ክፍያ በውጭ ምንዛሪ በየዓመቱ ማን ያጸድቃል? ነፃ ከሆነስ የሚያስተዳድረው ሰው አለ? ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ባልተናነሰ ብር ያስወጣል።

## ሙከራው እንዴት ይሠራል

የትኛውንም ሶፍትዌር ብትመርጡ ይህን ክፍል ራሳችሁ መሥራታችሁ አይቀርም። ስለዚህ ከንጽጽሩ በፊት ይምጣ።

በሰርቨሩ ላይ ለሙከራ ብቻ የሚያገለግል ተጠቃሚ ክፈቱ። ከራሱ ማህደር እንዳይወጣ አጥሩለት፤ የቦታ ኮታም ስጡት። ኤስኤፍቲፒ (እየመሰጠረ የሚያስተላልፈው ፕሮቶኮል) ከሆነ በቁልፍ ይግባ። ተራ ኤፍቲፒ የይለፍ ቃልን ሳይመሰጥር ስለሚልክ የዚህ ተጠቃሚ ይለፍ ቃል ሌላ ቦታ የማይሠራ መሆን አለበት።

የሙከራ ፋይሉን በዘፈቀደ ባይት ሙሉት። በዜሮ የተሞላ ፋይል በመንገድ ላይ ከተጨመቀ በእውነተኛ ሥራ የማታገኙትን ፍጥነት ያሳያችኋል። ለውስጥ ኔትወርክ 50 ሜጋባይት በቂ ነው። በቅርንጫፍ መስመር ላይ ግን ስሌቱን አስቀድሙ፦ 50 ሜጋባይት በ20 ሜጋቢት መስመር 20 ሰከንድ ይይዛል፤ በየ15 ደቂቃው ከተደገመ በቀን 4.8 ጊጋባይት ይሆናል። 10 ሜጋባይት በየ30 ደቂቃው ብታደርጉት በቀን 480 ሜጋባይት ብቻ ነው። የሚጫነውን ፋይል ስክሪፕቱ ሲጨርስ ይሰርዘው፤ ካልሰረዘ በወር 14 ጊጋባይት ዲስክ ይበላል።

ለዝውውሩ ከርል የተባለው የትእዛዝ መስመር መሣሪያ በቂ ነው። የስም ፍለጋውን፣ የግንኙነቱን፣ የመጀመሪያው ባይት የደረሰበትን፣ የጠቅላላውን ጊዜና አማካይ ፍጥነቱን ለየብቻ ያወጣል። አምስቱንም መዝግቡ። የመውጫ ኮዱንም አትርሱ፦ 7 ግንኙነት አልተፈጠረም፣ 28 ጊዜ አለፈ፣ 67 መግባት ተከለከለ ማለት ነው። ከርል የሚያወጣው ፍጥነት ባይት በሰከንድ መሆኑን ልብ በሉ፤ የመስመር ውላችሁ ግን በሜጋቢት ነው የተጻፈው። 100 ሜጋቢት መስመር በንድፈ ሐሳብ 12.5 ሜጋባይት፣ በተግባር ከ11 እስከ 12 ሜጋባይት በሰከንድ ነው። ይህን ሳያስተካክሉ «ከከፈልነው አንድ ስምንተኛውን ነው የምናገኘው» ብለው ወደ ቴሌ የሚደውሉ ብዙ ናቸው።

ከትልቁ ፋይል በተጨማሪ የትናንሽ ፋይሎች ሙከራ አድርጉ። ኤፍቲፒ ለእያንዳንዱ ፋይል አዲስ የዳታ ግንኙነት ይከፍታል፤ በፋይል ቢያንስ ሦስት ምልልስ (መልእክት ሄዶ መልስ እስኪመለስ) ይፈጃል። የምልልሱ ጊዜ 150 ሚሊሰከንድ በሆነበት መስመር 1000 ፋይል ሲላክ 450 ሰከንድ፣ ማለትም 7 ደቂቃ ተኩል፣ በመጠበቅ ብቻ ያልፋል። ፋይሎቹ እያንዳንዳቸው 10 ኪሎባይት ቢሆኑ ጠቅላላ መጠናቸው 10 ሜጋባይት ነው፤ በአንድ ጥቅል ቢላኩ በ20 ሜጋቢት መስመር 4 ሰከንድ ይበቃቸው ነበር። በቅርንጫፍ የሚሰማው ቅሬታ አንዳንዴ መፍትሔው ፋይሎቹን ዚፕ አድርጎ መላክ ብቻ የሚሆነው ለዚህ ነው። የትልቅ ፋይል ሙከራ ብቻ ካላችሁ ይህ በፍጹም አይታያችሁም።

ሙከራው የሚነሳበት ቦታም ይወስናል። መከታተያው ከፋይል ሰርቨሩ ጋር አንድ ራክ ውስጥ ካለ የምትለኩት ያንን ራክ ነው። ቢያንስ ሁለት ቦታ ይኑራችሁ፦ አንዱ ተጠቃሚዎች ከሚቀመጡበት ፎቅ፣ ሌላው ከቅርንጫፍ ወይም ከሌላ አቅራቢ መስመር። የፎቁ ፈጣን፣ የውጩ ቀርፋፋ ከሆነ ሰርቨሩን መነካካት አቁሙ።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ያንኑ 50 ሜጋባይት ፋይል ደጋግማችሁ ስታወርዱ ሰርቨሩ ከሜሞሪ እንጂ ከዲስክ አያነበውም። ስለዚህ ዲስኩ እያቃሰተ ሙከራው ግሩም ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ስትጭኑም የመጀመሪያው ጽሑፍ ሜሞሪ ላይ ያርፋል። የዲስኩን የምላሽ ጊዜ ለብቻው መለካት የግድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

## ግራፉ ምን ይላል

ልኬቱ ቅርጽ አለው፤ ቅርጹን የሚያነብ ሰው ከግማሽ ሰዓት በላይ አይከራከርም።

ጊጋቢት መሆን ያለበት ፖርት ከ94 ሜጋቢት ላይ ጠፍጣፋ ጣሪያ ከሠራ፣ መስመሩ ወደ 100 ሜጋቢት ወርዷል ማለት ነው። ጊጋቢት የኬብሉን አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል፤ 100 ሜጋቢት ግን በሁለቱ ይሄዳል። አንድ የተበጠሰ ሽቦ ወይም በደንብ ያልተነከሰ ጫፍ በቂ ነው። ኬብሉን ለውጡ እንጂ ሰርቨር አትግዙ።

የስምንት ኮር ሰርቨር አማካይ ጫና 12 በመቶ ሲያሳይ ሁሉም ይረጋጋል። ነገር ግን የአንድ ኤስኤፍቲፒ ግንኙነት ምስጠራ በአንድ ኮር ላይ ነው የሚሠራው። አንዱ ኮር 100 በመቶ፣ ሰባቱ ባዶ ቢሆኑም አማካዩ ያው 12.5 ነው። መከታተያው እያንዳንዱን ኮር ለየብቻ ማሳየት አለበት።

አንድ ፋይል ሲላክ ፈጣን፣ ሠላሳ ሰው ሲልክ ቀርፋፋ ከሆነ ዲስኩን ተመልከቱ። 7200 ዙር ያለው ተራ ሃርድ ዲስክ በተከታታይ ንባብ ከ100 ሜጋባይት በሰከንድ በላይ ይሰጣል። ሠላሳ ጽሑፍ ተደባልቆ ሲመጣበት ግን ጭንቅላቱ ከቦታ ቦታ ይዘላል፤ በሰከንድ የሚችለው ዝላይ ደግሞ መቶ ገደማ ነው።

ወደ ውጭ አገር የሚላክ ፋይል የራሱ ሕግ አለው። የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ መስመር በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤቶች በኩል ወደ ባሕር ኬብል ይደርሳል፤ ርቀቱን ምንም ገንዘብ አያሳጥረውም። የምልልሱ ጊዜ 150 ሚሊሰከንድ ሆኖ የግንኙነቱ መስኮት (የደረሰኝ መልስ ሳይጠበቅ የሚላከው መጠን) 64 ኪሎባይት ላይ ከተገደበ፣ መስመሩ 100 ሜጋቢት ቢሆንም እንኳ አንድ ግንኙነት 3.5 ሜጋቢት ላይ ይቆማል። መስመሩን ለመሙላት ወደ 1.9 ሜጋባይት መስኮት ያስፈልጋል። ፓኬት መጥፋት ከተጨመረ የባሰ ነው፤ በተለመደው የቲሲፒ ስሌት 1 በመቶ ኪሳራ በዚህ ርቀት አንድን ግንኙነት 1 ሜጋቢት ገደማ ላይ ይቸነክረዋል። ስለዚህ የፓኬት ዳግም መላክ መጠን የግድ ከግራፉ ላይ ይኑር።

ፍጥነቱ ደህና ሆኖ አንዳንድ ሰው ብቻ «አይገባም» ካለ ገደቦቹን ቁጠሩ። የፓሲቭ ኤፍቲፒ ፖርቶች (ለዳታ ዝውውር የሚከፈቱት) በፋየርዎሉ ላይ አሥር ብቻ ከተከፈቱ አሥራ አንደኛው ዝውውር ይንጠለጠላል። የኤስኤፍቲፒ አገልግሎት የሚሰጠው ኦፕንኤስኤስኤች ደግሞ በተለመደው ውቅሩ ገና ማንነታቸው ያልተረጋገጠ ግንኙነቶች አሥር ሲደርሱ አዲስ የሚመጡትን በ30 በመቶ ዕድል መጣል ይጀምራል፤ መቶ ሲደርሱ ሁሉንም ይጥላል። ሁሉም ቅርንጫፍ በ11 ሰዓት እኩል ሲልክ የሚፈጠረው ይሄ ነው። ፖርት መፈተሻው ደግሞ በዕድል ካለፈ አረንጓዴ ይላል።

## አማራጮቹ

### ዛቢክስ

ነፃና ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ ሪጋ፣ ላትቪያ ያለ ኩባንያ ያዘጋጀዋል። በሊኑክስ ላይ ይጫናል፤ ሁሉንም በዳታቤዝ ያስቀምጣል። ለአንድ መካከለኛ መሥሪያ ቤት 2 ኮርና 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ይበቃዋል።

ዝግጁ የኤፍቲፒ መፈተሻው የግንኙነቱን ጊዜ በሰከንድ ይሰጣል። አገልግሎቱ ሲሞት ግን 0 ነው የሚመዘግበው። አማካይ የሚያወጣ ሰው ይህን ካላጣራ የሞተው ሰዓት ከሁሉ የፈጠነ ሰዓት ሆኖ ይቆጠራል፤ ሰርቨሩ በተቋረጠ ቁጥር ወርኃዊ ሪፖርቱ ያምራል። ማንቂያውን «ዋጋው 0 ሲሆን» በሚል ለይታችሁ ሥሩ።

እውነተኛውን ሙከራ ለማስገባት በውጭ ስክሪፕት መልክ በቀጥታ አታስሩት። የተለመደው የጊዜ ገደብ 3 ሰከንድ ነው፤ 20 ሰከንድ የሚፈጅ ዝውውር መሐል ላይ ይቆረጣል። ስክሪፕቱን በክሮን (ትእዛዝን በተወሰነ ሰዓት በሚያስነሳው የሊኑክስ አገልግሎት) አስኪዱና ውጤቱን በዛቢክስ ሴንደር፣ ከውጭ የሚላክን ቁጥር ወደሚቀበል ትራፐር መለኪያ ላኩት። ከዚያ «ለአንድ ሰዓት ምንም ዳታ ካልመጣ» የሚል ማንቂያ ጨምሩ፤ አለበለዚያ ስክሪፕቱ ሲሞት ማንም አያውቅም።

ለአዲስ አበባ ሁኔታ ትልቁ ጥንካሬው ፕሮክሲው ነው። ቅርንጫፍ ላይ ትንሽ ኮምፒውተር ተቀምጦ ይለካል፤ መስመር ሲቋረጥ ዳታውን በራሱ ዳታቤዝ ያቆያል፤ ሲመለስ ይልካል። ግን ሳይነካ ከተተወ የሚያቆየው የ1 ሰዓት ብቻ ነው። እስከ 720 ሰዓት ማሳደግ ይቻላል፤ ቅዳሜና እሑድን እንዲሻገር 72 በቂ ነው። ማንቂያውንም በቴሌግራም፣ በኢሜይልና ከሰርቨሩ ጋር በተገናኘ ጂኤስኤም ሞደም በኩል በአጭር መልእክት መላክ ይችላል። የመጨረሻው ኢንተርኔት ሳይኖርም ይሠራል።

የማቆያ ስሌቱ ቀላል ነው። 200 መለኪያ በየደቂቃው ሲመዘገብ፣ አንዱ 90 ባይት ገደማ ስለሚይዝ በቀን 26 ሜጋባይት ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሰዓት ማጠቃለያው ዝቅተኛውን፣ አማካዩንና ከፍተኛውን ይይዛል፤ ለዓመት 160 ሜጋባይት አይሞላም። ማጠቃለያውን ወደ 400 ቀን ከፍ አድርጉት።

ድካሙ ምንድን ነው? ገጾቹ ብዙ ናቸው፤ አዲስ ሰው እስኪለምዳቸው ሳምንታት ያልፋሉ። ዳታቤዙን የሚንከባከብ ከሌለም ከጊዜ በኋላ ራሱ መከታተያው ይንቀራፈፋል።

### ፕሮሜቲየስና ግራፋና

ፕሮሜቲየስ ቁጥሮችን ይሰበስባል፤ ግራፋና ይሥላል። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ሰርቨሩ ላይ ልኬቶቹን የሚያወጣ ኖድ ኤክስፖርተር የተባለ ፕሮግራም ትጭናላችሁ፤ ፕሮሜቲየስ በፖርት 9100 እየመጣ ይወስዳል። ለዊንዶውስ ሰርቨር ዊንዶውስ ኤክስፖርተር በ9182 አለ። የእያንዳንዱ ኮር ጫና፣ የዲስክ ምላሽ፣ የፓኬት ዳግም መላክ ሁሉም ያለ ተጨማሪ ሥራ ይመጣሉ። መንስኤን በመለየት ከአራቱ የሚበልጠው ይሄ ነው። በየ15 ሰከንዱ መለካትም አያስጨንቀውም፦ አንድ ሰርቨር 1000 ቁጥር ቢሰጥ፣ አንዱ ናሙና ቢበዛ 2 ባይት ስለሚይዝ፣ በቀን 11.5 ሜጋባይት፣ በዓመት 4.2 ጊጋባይት ገደማ ነው።

ሙከራው በጽሑፍ ፋይል በኩል ይገባል። ስክሪፕቱ ውጤቱን በኖድ ኤክስፖርተር ማህደር ውስጥ ያስቀምጣል። መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ጽፎ በኋላ ስሙን ይቀይር፤ ካልሆነ ግማሽ የተጻፈ ፋይል ሊነበብ ይችላል። እዚህ ያለው አደጋ የቆየ ቁጥር ነው፦ ስክሪፕቱ ሰኞ ቢሞት የሰኞው ፍጥነት እስከ ዓርብ ቀጥ ብሎ ይሣላል፤ ሁሉም ሰላም ይመስላል። ስለዚህ ፋይሉ የተጻፈበትን ሰዓት አብራችሁ ተከታተሉ። ብላክቦክስ ኤክስፖርተር የተባለውም ፖርትንና የመጀመሪያውን የሰላምታ መስመር ይፈትሻል እንጂ ፋይል አያስተላልፍም፤ ከእርሱ ፍጥነት አትጠብቁ።

ሁለት ነገር በግልጽ ይቃወመዋል። የተለመደው ማቆያው 15 ቀን ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ካልቀየራችሁት ሰኔ ሲመጣ ካለፈው ሰኔ ምንም የለም። ሁለተኛ፣ እርሱ ነው ሄዶ የሚወስደው፤ የቅርንጫፉ መስመር በተቋረጠበት ጊዜ ግራፉ ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ለመሙላት ቅርንጫፍ ላይ ሌላ ፕሮሜቲየስ መትከል ያስፈልጋል። ሦስት አራት ቅርንጫፍ ላለው ይቻላል፤ ለመቶ ቅርንጫፍ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

### ፒአርቲጂ

የጀርመኑ ፔስለር ኩባንያ ምርት ነው፤ ዋናው ሰርቨር በዊንዶውስ ላይ ይሠራል። ከአራቱ ፈጥኖ የሚነሳው እርሱ ነው፤ ጠዋት የጫነ ሰው ከሰዓት ግራፍ ያያል። እስከ 100 ሴንሰር በነፃ ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ ክፍያ ነው። ሴንሰር ማለት መሣሪያ አይደለም፦ አንድ ሰርቨር ለፕሮሰሰሩ፣ ለዲስኩ፣ ለኔትወርክ ካርዱ፣ ለኤፍቲፒው እያለ አሥር ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ 100 ሴንሰር አሥር መሣሪያ ነው ብላችሁ አስቡ። ባለ 48 ፖርት ስዊች ሁሉንም ፖርት ከመረጣችሁለት ብቻውን ግማሹን ይወስዳል።

የኤፍቲፒና የኤስኤፍቲፒ ሴንሰሮቹ የምላሽ ጊዜ ይለካሉ። ለየት የሚለው ፋይል የሚቆጥረው ሴንሰር ነው፦ በማህደሩ ውስጥ ስንት ፋይል እንዳለ ይከታተላል። «እስከ ማታ 12 ሰዓት የአርባዎቹ ቅርንጫፎች ፋይል ካልደረሰ ንገረኝ» ለሚል ሥራ አስኪያጅ ይህ ከፍጥነት ግራፍ ይበልጥ ይጠቅማል። እውነተኛው ሙከራ በስክሪፕት ሴንሰር ይገባል፤ የተለመደው የጊዜ ገደብ 60 ሰከንድ ስለሆነ የ50 ሜጋባይት ዝውውር በምቾት ያልቃል። ቅርንጫፍ ላይ የሚቀመጠው ፕሮብ (የሚለካው ፕሮግራም) መስመር ሲቋረጥ ዳታውን በሜሞሪ ያቆያል፤ መብራት አብሮ ከጠፋና ዩፒኤሱ ካለቀ ግን ይጠፋል።

ከነፃው ጣሪያ ካለፋችሁ ክፍያው ዓመታዊና በውጭ ምንዛሪ ነው። በጀት ስትይዙ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ሳይሆን ሦስቱን አስሉ፤ በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ በብር የሚታሰበው ቁጥር ቋሚ አይደለም።

### ሊብሬኤንኤምኤስ

ስዊችና ራውተር ለሚበዛበት ቦታ ነው። በኤስኤንኤምፒ (የኔትወርክ መሣሪያዎች ልኬታቸውን በሚሰጡበት ፕሮቶኮል) መሣሪያዎችን ራሱ ያገኛል፤ ፖርቶቹን፣ ስህተቶቹን፣ የተጣሉ ፓኬቶችን ይሥላል። ነፃ ነው። የተለመደው ዙሩ 5 ደቂቃ በመሆኑ ለፋይል ሰርቨር ሸካራ ነው፤ ዳታው ሲያረጅም እየተጠቀለለ ዝርዝሩ ይጠፋል። የራሳችሁን ሙከራ በናጊዮስ (ሌላ መከታተያ ሶፍትዌር) ተሰኪ መልክ መጨመር ይቻላል። ብቻውን ለዚህ ሥራ አልመርጠውም፤ ከዛቢክስ ወይም ከፕሮሜቲየስ ጎን ግን ኬብልና ስዊች ላይ ያለውን ችግር ቶሎ ያወጣል።

ኤስኤንኤምፒ የሚጠቀም ሁሉ አንድ ነገር ይጠንቀቅ። የቆየው ባለ 32 ቢት ቆጣሪ በጊጋቢት መስመር ላይ ሙሉ ጫና ሲኖር በ34 ሰከንድ ሞልቶ ከዜሮ ይጀምራል። በየደቂቃው የሚለካ ሶፍትዌር ይህን አያይም፤ ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ያሳያል። ባለ 64 ቢቱን ምረጡ። ሥሪት 3ን ተጠቀሙ፤ ሥሪት 2 የይለፍ ቃሉን ሳይመሰጥር ነው የሚልከው።

ናጊዮስ ኮር ካላችሁና የሚያውቀው ሰው ካለ አታፍርሱት፤ አዲስ ለመጀመር ግን አልመክረውም። ኔትዳታ ደግሞ በየሰከንዱ ይለካል፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰርቨር ምን እንደነካው ለማየት ከእርሱ የሚቀድም የለም።

## በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| መመዘኛ | ዛቢክስ | ፕሮሜቲየስና ግራፋና | ፒአርቲጂ | ሊብሬኤንኤምኤስ |
|---|---|---|---|---|
| ዝግጁ የኤፍቲፒ መፈተሻ | የግንኙነት ጊዜ | ፖርትና ሰላምታ | የምላሽ ጊዜ፣ የፋይል ቁጥር | በተሰኪ |
| የራስን ሙከራ መቀበል | በጣም ጥሩ፣ በሴንደር | በጣም ጥሩ፣ በጽሑፍ ፋይል | ጥሩ፣ በስክሪፕት ሴንሰር | ይቻላል |
| መንስኤ መለየት | ጥሩ | ከሁሉ የተሻለ | መካከለኛ፣ ሴንሰር ይበላል | ለመስመር ጥሩ፣ ለሰርቨር ደካማ |
| የተለመደ ድግግሞሽ | 1 ደቂቃ | 1 ደቂቃ፣ ወደ 15 ሰከንድ ይወርዳል | 1 ደቂቃ | 5 ደቂቃ |
| የ13 ወር ማቆያ | ቀላል | ውቅር ይፈልጋል | ይቻላል | ተጠቅልሎ ይቀራል |
| መስመር ሲቋረጥ | ፕሮክሲ በዳታቤዝ ያቆያል | ቀዳዳ ይቀራል | ፕሮብ በሜሞሪ ያቆያል | ቀዳዳ ይቀራል |
| የፈቃድ ክፍያ | የለም | የለም | ከ100 ሴንሰር በላይ | የለም |
| የሚፈልገው ሰው | ሊኑክስና ዳታቤዝ | ሊኑክስና ስክሪፕት | ዊንዶውስ | ሊኑክስና ኔትወርክ |

## ለማን የቱ

አንድ ሰርቨርና ሃያ ተጠቃሚ ያለው ማተሚያ ቤት ወይም አማካሪ ድርጅት፣ ዊንዶውስ እንጂ ሊኑክስ የሚያውቅ ከሌለው፣ የፒአርቲጂ 100 ነፃ ሴንሰር ይበቃዋል። ሊኑክስ ሰርቨር ካለው ደግሞ ከመከታተያም በፊት ሎጉን ያንብብ። ቪኤስኤፍቲፒዲ የተባለው የሊኑክስ ኤፍቲፒ ሰርቨር በኤክስፈርሎግ አቀራረብ ሲመዘግብ የእያንዳንዱን ዝውውር ሰከንድ፣ መጠን፣ አቅጣጫና መጠናቀቁን ይጽፋል። መጠኑን ለሰከንዱ ማካፈል ብቻ የእውነተኛ ተጠቃሚዎችን ፍጥነት ይሰጣል። ሰከንዱ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ ትናንሾቹን ፋይሎች ከስሌቱ አውጡ።

ብዙ ቅርንጫፍ ላለው ባንክ፣ ኢንሹራንስ ወይም የማይክሮፋይናንስ ተቋም ዛቢክስ ከፕሮክሲ ጋር። ከመጀመሪያው ቀን ጂኤስኤም ሞደም ይኑረው፤ መከታተያው ሰርቨርም ከፋይል ሰርቨሩ በተለየ ዩፒኤስ ላይ ይሁን። አብረው ከጠፉ ማንቂያ የሚልክ የለም።

ሰርቨሮቹ በሊኑክስ የተሞሉ፣ ፕሮግራመሮች ላሉት ድርጅት ፕሮሜቲየስ። ለውጭ ደንበኛ ፋይል የሚልክ የዲዛይን ወይም የዳታ ድርጅትም ከዚህ ይጀምር፤ የፓኬት ዳግም መላክን እንዲህ በግልጽ የሚያሳይ ሌላ የለም። ሙከራው ግን ከደንበኛው አገር መነሳት አለበት። ደንበኛው ስክሪፕቱን በራሱ ኮምፒውተር ቢያስኬድላችሁ የውጭ ሰርቨር ኪራይ አያስፈልግም።

ካምፓስ ወይም ብዙ ፎቅ ያለው መሥሪያ ቤት ከሆነ ሊብሬኤንኤምኤስ ለስዊቾቹ፣ ሌላው ለሰርቨሩ።

የቱንም ብትተክሉ ሦስት ሰዓቶችን አስታርቁ። ብዙ ሰርቨር በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ይመዘግባል፤ ግራፉ በአዲስ አበባ ሰዓት ይሣላል፤ ተጠቃሚው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ይናገራል። «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቆመብኝ» ያለው ሰው ጉዳይ ግራፉ ላይ 09:00፣ ሎጉ ላይ 06:00 ነው። የቅሬታ መመዝገቢያው ቅጽ ላይ ሦስቱንም ጻፉ፤ ሰርቨሮቹም ሰዓታቸውን ከኤንቲፒ (ሰዓትን በኔትወርክ ከሚያስተካክለው አገልግሎት) ይውሰዱ፤ በተለይ መብራት ከጠፋ በኋላ የሰዓት ባትሪው የደከመ ሰርቨር ዓመታትን ወደ ኋላ ሄዶ ይነሳል።

የመከታተያውን አድራሻ በፌል2ባን (አጠራጣሪ አድራሻዎችን በራሱ በሚያግደው ፕሮግራም) የማይታገዱ ዝርዝር ውስጥ አስገቡ። በየደቂቃው ፖርት 22ን ነክቶ የሚመለስ ፈታሽ በሎጉ ላይ አጥቂ ይመስላል፤ ከታገደ በኋላ ለተጠቃሚው የሚሠራው ሰርቨር ለእናንተ ብቻ ቀይ ይሆናል።

## ከመወሰናችሁ በፊት

ሁለት እጩዎችን ለሁለት ሳምንት ጎን ለጎን አስኪዱ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭም ሆን ብላችሁ አራት ነገር አበላሹ። የሰርቨሩን የስዊች ፖርት ወደ 100 ሜጋቢት አውርዱ። የፓሲቭ ፖርቶቹን ወደ ሦስት አጥብባችሁ አምስት ዝውውር በአንዴ ጀምሩ። ዲስኩ ላይ ትልቅ ቅጂ እያስኬዳችሁ ፋይል ጫኑ። የአንድ ቅርንጫፍን መስመር ለሁለት ሰዓት ንቀሉ። በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ነገር መዝግቡ፦ ማንቂያው በስንት ደቂቃ ደረሰ፣ ግራፉ ትክክለኛውን መንስኤ አሳየ ወይ፣ በማግስቱ የተቋረጠው ጊዜ ዳታ ተሟልቶ ተገኘ ወይ። ውጤቱን ከግዥ ጥያቄው ጋር አያይዙት።